ንጹሕ ብር፣ ለማን?



የዛሬው ርእሴ ከአገራችንም ከዘመናችንም የራቀ ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ በመዶሻ እየተመቱ ይወጡ ስለ ነበሩ ጥቃቅን የብር ሳንቲሞች እጽፋለሁ። «ዶክተሩን ደግሞ ምን ነካው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ትንሽ ይታገሡኝ፤ ነገሩ ያለ ምክንያት አልተነሣም። (በአማርኛችን ማዕድኑም የአገራችን ገንዘብም አንድ ስም ስላላቸው ግራ እንዳይገባዎት፣ ከዚህ በታች «ብር» ስል ማዕድኑን ማለቴ ነው። ዓመታቱም «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በአንድ የመምህራን መወያያ መድረክ ላይ ተገኝቼ ነበር። የገንዘባችን ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ሁላችንም የገንዘብ ሊቃውንት ሆነናልና፣ ውይይቱ ገና ቡናው ሳይቀርብ ወደዚያው አዘነበለ። አንድ የማከብራቸው የኢኮኖሚክስ ባልደረባዬ ተነሥተው ንግግራቸውን በእንግሊዝ ታሪክ አስደገፉ። የእንግሊዝ ነገሥታት የፔኒን ንጽሕና ለአራት መቶ ዓመታት ያህል ሳያጐድፉ ጠበቁ፤ ሕዝብ አጕረመረመ ብለው አላመነቱም፤ የዚያች አገር ታላቅነት የተጀመረው መንግሥቷ በገንዘብ ጕዳይ ላይ መጨከን ከቻለበት ቀን ነው፤ ድኻው ለጊዜው ቢጐዳም ሒሳቡ በኋላ ይወራረዳል፤ አሉን። ጉባኤው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እኔም እጄን አወጣሁ፤ ሰዓት አልቋል ተባልሁ።

እነሆ እዚህ ሰዓት አለኝ።

በቅድሚያ ለባልደረባዬ የሚገባቸውን ልስጥ። ስለ ብሩ ጥራት የተናገሩት በጥቅሉ እውነት ነው። ከ12ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ሄንሪ 8ኛ በ1544 ታላቁን የማርከስ ሥራ እስከ ጀመረበት ድረስ የእንግሊዝ ፔኒ ከመቶ 92.5 እጅ ንጹሕ ብር ነበር። በዚያ ዘመን የፈረንሳይ ነገሥታት፣ በተለይም ፊሊጶስ 4ኛ፣ ጦርነት በገጠማቸው ቍጥር በገንዘባቸው ውስጥ ያለውን ብር ይቀንሱ ነበር። ስተርሊንግ ግን ባሕር ተሻግሮ የታመነ ገንዘብ ነበር። ይህን የሚክድ የታሪክ ሰው የለም፤ እኔም አልክድም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያ ንጹሕ ብር በማን እጅ ነበር? ዳቦ የሚገዛው ሰው በእጁ ይዞት ያውቃልን?

ከሥሩ እንጀምር። በ8ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ የመርሲያው ንጉሥ ኦፋ የፍራንኮችን አርአያ ተከትሎ ስስና ሰፋ ያለ የብር ፔኒ አስመታ። 12 ፔኒ አንድ ሺሊንግ፣ 240 ፔኒ አንድ ፓውንድ ሆነ፤ ይህ አቈጣጠር እስከ 1971 ድረስ ዘልቋል። በ973 ገደማ ንጉሥ ኤድጋር የግዛቱን ሳንቲም ሁሉ አንድ ወጥ አደረገው። በአንደኛው ገጽ የንጉሡ መልክና ስም፣ በሌላው ገጽ የመቺው ስምና የተመታበት ከተማ ስም ተቀረጸ፤ ያጭበረበረ መቺ በገዛ ስሙ እንዲያዝ ማለት ነው። ብልህ ሥርዓት ነው፤ አድናቆቴን አልነፍገውም።

አመታቱ እንዲህ ነበር። ቅርጽ የተቀረጸበት አንድ ብረት በወፍራም ግንድ ላይ ይተከላል። በላዩ ስሱ የብር ቁራጭ ይቀመጣል። መቺው ሁለተኛውን ቅርጽ በግራ እጁ ይዞ በብሩ ላይ ይደግንና በቀኝ እጁ በመዶሻ ይመታዋል። አንድ ምት ወይም ሁለት፣ አንድ ፔኒ። እዚህ ላይ አንባቢዬ አንድ ነገር በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ የምቱ ድካም ለትልቁም ለትንሹም ሳንቲም እኩል ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከኦፋ ዘመን እስከ 1279 ድረስ፣ ወደ አምስት መቶ ለሚጠጉ ዓመታት፣ አልፎ አልፎ ከወጡ ጥቂት ክብ ግማሾች በቀር፣ በእንግሊዝ ምድር የሚመታው ሳንቲም አንድ ዓይነት ብቻ ነበር፤ ፔኒ። ከፔኒ በላይ ያለው ሺሊንግና ፓውንድ የመዝገብ ቃል እንጂ በእጅ የሚዳሰስ ሳንቲም አልነበረም። ከፔኒ በታችም የሚመታ አልነበረም። በ13ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ አካባቢ ሙያ የሌለው የቀን ሠራተኛ በቀን የሚያገኘው ከአንድ ፔኒ ተኩል እስከ ሁለት ፔኒ ነበር። እንግዲህ ያስሉት። የመንግሥቱ ትንሿ ገንዘብ የዚህ ሰው የግማሽ ቀን ላብ ናት ማለት ነው። ጨው ቢፈልግ፣ ሻማ ቢፈልግ፣ አንድ ቅምብቢት ቢራ ቢያምረው፣ በኪሱ ያለው የግማሽ ቀን ላቡ ነው። እኛ የታክሲ ረዳት «ዝርዝር የለኝም» ባለን ቍጥር የምንማረር ሰዎች፣ አገር ምድሩ ዝርዝር የሌለው ሲሆን ምን እንደሚመስል እስቲ እናስበው።

(በነገራችን ላይ አክሱማውያን ወርቅ፣ ብርና መዳብ በሦስት ደረጃ ያስመቱ ነበር። ከመዳቦቹም በአንዳንዶቹ ላይ ሳንቲሙ አገሬውን ደስ ያሰኝ ዘንድ የሚመኝ የግሪክኛ ቃል ይነበባል። የንጉሥ ምኞት በወርቁ ላይ ሳይሆን በመዳቡ ላይ መጻፉ ሁልጊዜ ይገርመኛል። አክሱም ሳንቲም መምታት ያቆመችው በ7ኛው መቶ ዓመት ነው፤ እንግሊዞች በብር መምታት የጀመሩትም በዚያው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። በዚህ አልመጻደቅም፤ ስለ ትንንሽ ሳንቲም የማሰብ ልማድ ከነርሱ ዘንድ ብቻ የመጣ አለመሆኑን ለማስታወስ ያህል ነው።)

ሕዝቡ ታዲያ ምን አደረገ? ቈረጠው። በፔኒው ጀርባ መስቀል ነበር፤ ሰውም መስቀሉን ተከትሎ በመቀስ ለሁለት ቢቈርጠው ግማሽ፣ ለአራት ቢቈርጠው ሩብ ይሆናል። ፋርዚንግ የሚለው ስም ራሱ ከአራት አንድ ማለት ነው። መቍረጡ በጓዳ ተደብቆ የሚሠራ ወንጀል አልነበረም፤ መንግሥትም እያየ ዝም ያለው፣ ብዙ ጊዜም እዚያው መምቻ ቤቱ ደጅ ላይ የሚከናወን ሥራ ነበር።

ከእነዚህ ሩቦች አንዷ እኔ ዘንድ አለች። ለዶክትሬት ትምህርቴ እንግሊዝ አገር በነበርሁበት ጊዜ በአንድ የቅዳሜ ገበያ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዛኋት፤ ዋጋዋ ከአንድ ተማሪ ምሳ አይበልጥም ነበር። በክብሪት ቤት ውስጥ በጥጥ ጠቅልዬ አስቀምጫታለሁ። ከጣቴ ጥፍር ታንሳለች፤ በአንድ በኩል የንጉሡ ጠጕር ጥቅልልና ከስሙ ሦስት ፊደል፣ በሌላው በኩል የመስቀሉ አንድ ክንድ። ከ1180 እስከ 1247 ከተመቱት፣ አጭር መስቀል ከሚባሉት ወገን ናት። የዚህ ዘመን ሳንቲም አንድ አስቂኝ ነገር አለው። ሄንሪ 2ኛ በ1189 ሞተ፤ ልጆቹ ሪቻርድና ዮሐንስ ተከታትለው ነገሡ፤ ሳንቲሙ ግን እስከ መጨረሻው «ሄንሪ ንጉሥ» እያለ ቀጠለ። የሞተ ሰው በስሙ ሃያ ሰባት ዓመት ገንዘብ አስመታ፤ ከዚያ ሌላ ሄንሪ ነገሠና ውሸቱ እውነት ሆነ።

* * *

አሁን ወደ ጭብጤ ልግባ። በሄንሪ 3ኛ ዘመን የወጣ የዳቦና የቢራ ደንብ አለ። ደንቡ የዳቦን ዋጋ አይለዋውጥም፤ የሚለዋውጠው ክብደቱን ነው። የስንዴ ዋጋ ሲወጣ የሩብ ፔኒዋ ዳቦ ታንሳለች፤ ሲወርድ ትተልቃለች። አንድ መስፈሪያ ስንዴ በ12 ፔኒ ሲሸጥ የሩብ ፔኒ ነጭ ዳቦ ክብደቷ 6 ፓውንድ ከ16 ሺሊንግ እንዲሆን ታዟል። አዎን፣ የዳቦው ክብደት ራሱ የሚነገረው በገንዘብ ሚዛን ነው። አስተውሉ እንግዲህ! የመንግሥት ሕግ የድኻውን ዳቦ በሩብ ፔኒ ተመነ፤ ያው መንግሥት ግን ሩብ ፔኒ አይመታም። ሕጉን የጻፈው እጅና መምቻ ቤቱን የሚያዝዘው እጅ የአንድ ንጉሥ እጅ ነው። ይህን «የገንዘብ ሥነ ሥርዓት» ብሎ ለሚጠራው ሰው መዝገበ ቃላቱን ቢመልስልን ደስ ይለኛል።

ለምን አልተመታም? ምክንያቱ ክፋት አይደለም፤ ከክፋት የባሰ ነገር ነው፤ ሒሳብ ነው። የምቱ ድካም እኩል ነው ብዬ ነበር። ከአንድ ፓውንድ ብር 240 የሚያህል ፔኒ ይወጣል። ያንኑ ብር ወደ ሩብ ቢለውጡት 960 ይሆናል። አራት እጥፍ ምት፣ አራት እጥፍ ልኬት፣ አራት እጥፍ የሚያልቅ ቅርጽ። የመምቻ ቤቱ ገቢ ደግሞ በተመታው ብር ክብደት የሚሰላ ነው። ስለዚህ መቺው ትልቁን ይወዳል፤ ብር ይዞ የመጣው ነጋዴም ለባሕር ማዶ ክፍያው ትልቁን ይፈልጋል፤ ንጉሡም ለጦሩ ትልቁን ይፈልጋል። ሩቧን የምትፈልግ ዳቦ ገዢዋ ብቻ ናት። እርሷ ግን መምቻ ቤት ብር ይዛ አትሄድም፤ ስለዚህ በሒሳቡ ውስጥ የለችም።

ኤድዋርድ 1ኛ በ1279 ክብ ፋርዚንግን፣ በ1280 ደግሞ ክብ ግማሽ ፔኒን አስመታ። እሰየው። በሜርሊን ስም ይነገር የነበረ አንድ ትንቢት ገንዘቡ ተከፍሎ ግማሹ ክብ ሲሆን ታላቅ ነገር እንደሚመጣ ይናገር ስለ ነበር፣ ዌልሾች ልዑላቸው ለንደን ላይ ዘውድ ይጭናል ብለው ተስፋ አደረጉ ይባላል። በ1282 የልዑል ሊዌሊን ራስ ተቈርጦ ለንደን ደረሰ፤ የሐረግ አክሊልም ለፌዝ ደፉበት። ትንቢቱ እንዲህ «ተፈጸመ»።

ሩቧ ግን ገና ስትወለድ የእንጀራ ልጅ ነበረች። እዚህ ላይ ባልደረባዬ በጥሞና እንዲያነቡኝ እፈልጋለሁ። በ1335 ኤድዋርድ 3ኛ ግማሽ ፔኒውንና ፋርዚንጉን ከስተርሊንግ ባነሰ ጥራት፣ ከመቶ 83 እጅ ገደማ በሆነ ብር፣ እንዲመቱ አዘዘ። ይህም እስከ 1343 ዘለቀ። ፔኒው ግን በክብሩ ቈየ። ዓላማው ብሩ ባሕር ማዶ እንዳይሸሽ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ለአራት መቶ ዓመታት አልጐደፈም የተባለው ንጽሕና ሲጐድፍ የት ጐደፈ? በዳቦ ገዢዋ መዳፍ ላይ።

* * *

ሁለተኛው ጭብጥ ስለ መሸረፍ ነው፤ ይህ ከባዱ ነው።

የመዶሻ ሳንቲም ጠርዙ ወጣ ገባ ስለሆነ በመቀስ ትንሽ ትንሽ ቢሸርፉት ወዲያው አይታወቅም። ከብዙ ፔኒ ጥቂት ብናኝ እየተለቀመ አንድ ጕርሻ ብር ይወጣዋል። በ1247 መስቀሉ እስከ ጠርዙ ድረስ እንዲረዝም የተደረገው ሸራፊው እንዲጋለጥ ነው። ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። ከዚያ ቀደም፣ በ1124፣ ገንዘቡ ከመክፋቱ የተነሣ አንድ ፓውንድ ይዞ ገበያ የወጣ ሰው የ12 ፔኒ ዕቃ መግዛት እንዳቃተው የዘመኑ ዜና መዋዕል ይመሰክራል። ሄንሪ 1ኛ መቺዎቹን በገና ሰሞን ወደ ዊንቸስተር አስጠራቸው፤ ከዚያም ቀኝ እጃቸውና ብልታቸው ተቈረጠ። ዜና መዋዕሉ የሚያዝንላቸው አይመስልም፤ ያ ዓመት የረኀብ ዓመት ነበርና ሕዝቡም አላዘነ ይሆናል።

የ1278ቱ ግን ሌላ ነው። በኅዳር ወር ኤድዋርድ 1ኛ በመላ ግዛቱ ያሉ አይሁዳውያን በአንድ ጊዜ እንዲያዙ አዘዘ፤ ክሱም የንጉሡን ሳንቲም ሸርፈዋል የሚል ነበር። ከ600 የሚበልጡት በለንደን ግንብ ታጐሩ። በቀጣዩ ዓመት በለንደን ብቻ ከ260 በላይ አይሁዳውያን ተሰቀሉ። በዚያው ክስ የተያዙ ክርስቲያኖችም ነበሩ፤ አንጥረኞችና የመምቻ ቤት ሰዎች ሳይቀሩ ተይዘው ነበር። ከእነርሱ ግን የተሰቀሉት ሠላሳ እንኳ አይሞሉም፤ ብዙዎቹ መቀጫ ከፍለው ወጡ። የሟቾቹ ሀብት ለንጉሡ ሆነ። በ1275 በወለድ ማበደርን የከለከላቸው ይኸው ንጉሥ ነው፤ በ1290 ከአገሩ ጨርሶ ያባረራቸውም ይኸው ንጉሥ ነው። ያቺ የምናደንቃት ክብ ፋርዚንግ የተመታችው በ1279 ነው፤ በስቅላቱ ዓመት። መንግሥት በገንዘብ ጕዳይ ላይ መጨከን አለበት የሚል ሰው ጭካኔው በማን ላይ እንዳረፈ በቍጥር ሊያውቀው ይገባል።

በመካከላቸው የሸረፈ አልነበረም አልልም፤ በየሃይማኖቱ ሸራፊ ነበር። የምለው ሌላ ነው። እስቲ ንጉሡ ራሱ የሠራውን እንይ። በኤድዋርድ 1ኛ ዘመን ፔኒ 1.44 ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። በ1351 ወደ 1.17 ግራም ወረደ። በ1412 ወደ 0.97። በ1464 ወደ 0.78። ጥራቱ አልተነካም፤ ትክክል ነው፤ ከመቶ 92.5 እጅ! የሳንቲሙ ግማሽ ያህል ግን የለም። ሸራፊው በመቀስ የሚሠራውን ንጉሡ በዐዋጅ ሠራው። ባልደረባዬ ያሳዩን ሰንጠረዥ ጥራቱን እንጂ ክብደቱን አላካተተም ነበር፤ ሆን ብለው ነው አልልም።

ከዚህ የሚብሰው የዘመኑ ቅደም ተከተል ነው። ኤድዋርድ 3ኛ በ1351 ፔኒውን አቀለለ። በጥር 1352 በተሰበሰበው ምክር ቤት የወጣው ሕግ ደግሞ የንጉሡን ገንዘብ አስመስሎ መሥራትን በአገር ክሕደት ቈጠረው። ሄንሪ 4ኛ በ1412 ፔኒውን አቀለለ። ልጁ ሄንሪ 5ኛ ብዙ ሳይቈይ መሸረፍን የአገር ክሕደት አደረገው። አባት ሸረፈ፣ ልጅ ሸራፊን ጐትቶ ሰቀለ። ነገሥታቱ ምክንያት ነበራቸው፤ ብር ከአውሮፓ ሁሉ እየጠፋ ነበርና ያለውን ማብቃቃት ግድ ነበር፤ ይሉናል። ልክ ነው። የሸራፊውም ቤት ብር ጠፍቶ ነበር።

* * *

አንድ ክርክር እንደሚነሣብኝ ዐውቃለሁ፤ ከአዳራሹ ስንወጣም አንድ ወጣት መምህር በጆሮዬ ሹክ ብሎኛል። «እንግዲያው ድኻው የሚፈልገውን ርካሽ ሳንቲም በገፍ መምታት ነበረባቸው ትላለህ?» አለኝ። አልልም። ፍሎረንስን ተመልከት አልሁት። እዚያ የሱፍ ነጋዴዎች ጨርቃቸውን የሚሸጡት በወርቅ ፍሎሪን ነበር፤ የሠራተኞቻቸውን ደሞዝ የሚከፍሉት ግን ኳትሪኖ በሚባለው ጥቍር ሳንቲም ነው። ጥቍሩ ሳንቲም በረከሰ ቍጥር የሠራተኛው ደሞዝ ቍጥሩ ሳይነካ ይቀንሳል። በ1378 የቾምፒ ሠራተኞች ሲያምፁ ከልባቸው ቍስል አንዱ ይህ ነበር። ስለዚህ ትንንሽ ሳንቲም በመብዛቱም ድኻ ይዘረፋል፤ በመጥፋቱም ይዘረፋል። እኔ የምቃወመው ከሁለቱ አንዱን አይደለም። የምቃወመው ድኻው የማይታይበትን ሰንጠረዥ አቅርቦ «ተሳክቶላቸው ነበር» ማለትን ነው።

እንዲያውም የማይታይበት ምክንያት ራሱ ትምህርት አለው። የታሪክ ሊቃውንት ለረጅም ዘመን የመካከለኛውን ዘመን ገንዘብ ያጠኑት በአብዛኛው ከተቀበረ ድልብ ነው። በ1831 ከዶቭ ወንዝ በተትበሪ የወጣው እጅግ ብዙ ሳንቲም በ1322 ከዐመፀው ከላንካስተር መስፍን ገንዘብ ጋር ይያያዛል። በ1902 ኮልቼስተር ላይ ከ10,000 በላይ ፔኒ ወጣ። በ1908 ብራስልስ ላይ 150,000 የሚያህል ሳንቲም ሲገኝ በዐሥር ሺዎች የሚቈጠረው የእንግሊዝ ፔኒ ነበር። የድኻው ንጹሕ ብር ብራስልስ ምን ይሠራል? ለማንኛውም፣ ገንዘቡን በማሰሮ የሚቀብር ሰው ሩብ ፔኒ አይቀብርም፤ ሙሉውን መርጦ ይቀብራል እንጂ። ስለዚህ ከድልቡ ተነሥቶ የጻፈ ሊቅ ሁሉ ሩቧ ብርቅ ነበረች ብሎ ጻፈ።

ከዚያ በኋላ ተራ ሰዎች የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዘው በየማሳው መዞር ጀመሩ። በ1996 የወጣው የድልብ ሕግና በ1997 የተጀመረው የግኝት መመዝገቢያ ሥርዓት ያገኙትን እንዲያስመዘግቡ መንገድ ከፈተላቸው። ምን ተገኘ? የተቈረጠ ግማሽ፣ የተቈረጠ ሩብ፣ ጥቃቅን ክብ ፋርዚንግ፤ በየማሳው፣ በየመንገዱ ዳር፣ ገበያ በነበረበት ሜዳ ላይ፣ አንድ በአንድ የወደቁ። ማንም አልቀበራቸውም፤ ከቀዳዳ ኪስ ወደቁ እንጂ። በእርሻ ጭቃ ላይ ከግማሽ ግራም የምታንስ ብር ወድቃ ስትጠፋ ተንበርክኮ የፈለጋት ሰው እንደነበረ አልጠራጠርም፤ የዚያን ዕለት የልጆቹ ዳቦ ናትና። አላገኛትም። ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ አንድ ጡረተኛ አገኛት፤ የታሪክ መጽሐፍም ታረመ። ባልደረባዬ የጠቀሱት ሥዕል ከመታረሙ በፊት የነበረው ነው።

* * *

«ሕዝቡ ቢጐዳም ሒሳቡ በኋላ ይወራረዳል» የተባለው ቀረኝ። መቼ ተወራረደ? ይህ በዓመት የሚመለስ ጥያቄ ነው።

በሪቻርድ 2ኛ ዘመን የሕዝብ እንደራሴዎች ትንንሽ ሳንቲም በመጥፋቱ ድኾች ዳቦና ቢራ በጥቂቱ መግዛት እንዳልቻሉ ለንጉሡ አቤት አሉ። በ1402 በሄንሪ 4ኛ ዘመን ሕግ ወጣ፤ ወደ መምቻ ቤት ከሚመጣው ብር ሢሶው ግማሽ ፔኒና ፋርዚንግ ሆኖ እንዲመታ፣ እነዚህንም ማንም እንዳያቀልጣቸው። ደስ የሚል ሕግ ነው። ሕጉ ግን የመቺውን ድካም አልካሰም፤ እጥረቱም አልተወገደም። ለንደን ውስጥ በቬኒስ መርከቦች የመጣ ቀጭን የጣልያን ሳንቲም እንደ ግማሽ ፔኒ ይዞር ጀመር፤ ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው። መንግሥት ምን አደረገ? የራሱን ከማብዛት ይልቅ የባዕዱን ከለከለ፤ ደጋግሞ ከለከለ፤ ደጋግሞ መከልከሉም እንዳልተሳካለት ይመሰክርበታል። ሌላው ሕዝብ በእርሳስ ቁራጭ ተገበያየ፤ ወይም በዱቤ ኖረ። የዱቤው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። የመንደር ችሎት መዛግብት በጥቃቅን የዕዳ ክስ የተሞሉ ናቸው። ሳንቲም ያጣ ሰው በባለ ዱቤው ፊት ጌታ የለኝም ማለት አይችልም።

የብር ፋርዚንግ ከ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ ቀረ፤ ከማነሱ የተነሣ በጣት ለመያዝም አስቸግሮ ነበር። ኤልሳቤጥ 1ኛ በ1561 የሦስት ሩብ ፔኒ ሳንቲም አወጣች፤ አንድ ፔኒ ከፍሎ ሦስት ሩብ መልስ የተቀበለ ሰው ሩብ ከፈለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መላ የሚፈጠረው ዋናው ነገር ሲጠፋ ነው። በ1613 ጄምስ 1ኛ የመዳብ ፋርዚንግ የማስመታቱን መብት ለአንድ መኰንን ሰጠ፤ ድኻው የሚገለገልበት ገንዘብ የአንድ ሹም የግል ትርፍ ሆነ። በርስ በርሱ ጦርነት ማግስት ባለ ሱቆች፣ ባለ መጠጥ ቤቶችና የከተማ ሹማምንት በገዛ ስማቸው የመዳብ ምልክት እያስመቱ መልስ ሰጡ። ንጉሣዊ የመዳብ ግማሽ ፔኒና ፋርዚንግ በሚበቃ መጠን መውጣት የጀመረው በ1672 በቻርልስ 2ኛ ዘመን ነው።

ከ1279 እስከ 1672 ድረስ ሦስት መቶ ዘጠና ሦስት ዓመት ነው። በትውልድ ቢቈጠር ከዐሥር ይበልጣል። «ለጊዜው» የተባለው ይህ ነው።

ባልደረባዬን በዚህ ጽሑፍ ለማሳነስ አልተነሣሁም፤ በሙያቸው ይበልጡኛል። ለሚቀጥለው ስብሰባ ግን ያቺን የክብሪት ቤት ይዤ እመጣለሁ፤ በጠረጴዛው ላይ አስቀምጣትና የንጹሑ ብር ታሪክ ከእርሷ ጀምሮ እንዲነገረን እጠይቃለሁ። መልስ ካላቸው፣ ወይም ከእናንተ መካከል የተሳሳትሁበትን ነጥብ የሚያሳየኝ ካለ፣ ይጻፍልኝ፤ ሳልቈርጥና ሳልሸርፍ አወጣዋለሁ።

ቸር ይግጠመን።